የእቴነሽ ተራ

«ቅቤው አለቀ፤» አለች ወለተ ሐና፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት እንዳይሰሟት ወደ ረድኤት ጆሮ ጎንበስ ብላ። «የአገና ሰዎች ደግሞ አሁን ገና ከመኪና ወረዱ። ቆጮውም ጎመኑም ሞልቷል። በደረቁ ላቅርብላቸው?»

ወለተ ሐና አጥር የሚጋሩ ጎረቤት ናት። እቴነሽ ከተቀበረችበት ሰዓት ጀምሮ ማንም ሳይሾማት የለቅሶውን ማድቤት ተረክባ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ስታዝዝ ነው የዋለችው። ረድኤት ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። የእናቷን ሞት ከምታስተምርበት ከወልቂጤ በስልክ ሰምታ ከመጣች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ ሰው ሲያናግራት እንኳ የምትሰማው ግማሹን ነበር። «በደረቁ» የሚለው ቃል ግን ሰተት ብሎ ገባ። ዕድሜዋን ሙሉ ቡታጅራ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ሴት ለቅሶ ላይ እንግዳ ደረቅ ቆጮ በላ ከሚባል፣ ድንኳኑ በላያቸው ላይ ቢወድቅ ይሻላል።

«ቆይ፣ እኔ አመጣለሁ፤» ብላ ተነሳች።

የእናቷ ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ማሰሮ ነበር፤ አፉ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በቃጫ ታስሯል። ፈታችው። እስከ አንገቱ ሞልቷል። የቅቤው ላይ በእርጥብ እጅ ተስተካክሎ መሀሉ ላይ የአውራ ጣት ምልክት ቀርቶበታል። የእናቷ ጣት ነው። እቴነሽ የሞላ ማሰሮ ስትዘጋ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። ረድኤት ምልክቱን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት ማሰሮውን እንዳለ ተሸክማ ወደ ማድቤት ወጣች።

«የእናቴ ቅቤ ለእናቴ ለቅሶ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?» አለቻት ወለተ ሐናን።

የአገና ሰዎች በሉ። ከእምድብር የመጡትም በሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንም ጉሮሯቸው እስኪለሰልስ በሉ። አንድ የአገና ሽማግሌ ጣታቸውን ጠርገው፣ «ሟች በቁሟም እንዲህ ነበረች፤ ሰው አታሳፍርም፤» ሲሉ ረድኤት ሰማቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ትንሽ ቀለል አላት። ማሰሮው ወለተ ሐና እጅ ላይ ሲጸዳ አመሸ።

እውነቱን ለመናገር ረድኤት ከእንዲህ ዓይነት ማሰሮ ጋር የቆየ ቂም ነበራት። ልጅ ሆና፣ አንዱ ሞልቶ ሲወጣ ሌላው ባዶውን ይገባ ነበር። እናቷ የሞላውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከተማው ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ስትመለስ ደግሞ ለቤቱ ጠብ የሚል ነገር አትይዝም። ረድኤት የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ ያለቀሰች ጊዜ፣ ያ ማሰሮ ጓዳ ውስጥ ጢም ብሎ ነበር።

«ትንሽ ብትሸጪለት ምናለ?» አለቻት።

«የእኛ አይደለም፤» አለች እቴነሽ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሆስፒታሉ።»

በቃ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል የለም። ረድኤትም እናቷ ለሆስፒታሉ ሠራተኞች ቅቤ እንደምታቀርብ፣ ንግዱ ግን ፈጽሞ እንዳልሆነላት አድርጋ ይዛው አደገች። አድጋ ደመወዝ መቀበል ስትጀምር፣ «እማዬ፣ በኪሳራ መነገድ አይሰለችሽም?» እያለች ትቀልድባት ነበር። እቴነሽ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍነው ነገር ነበራት።

በማግስቱ ጠዋት መሕቡባ መጣች። ከስልጤ በኩል የምትመጣ፣ ወደ ሰባ የተጠጋች ሴት ናት፤ ረጅም ጥቁር ሻሿን እስከ ወገቧ ለቃዋለች። ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሷ ቋንቋ፣ የእቴነሽን ስም ጠራች። ከዚያ ገብታ ከረድኤት ጎን ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«አላህ ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።»

ረድኤት ታውቃታለች። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ትመጣ ነበር። ከእቴነሽ ጋር ጓዳ ገብተው ያንሾካሹካሉ፤ ስትሄድ ደግሞ ረድኤትን በሩ ላይ ታቆምና ከእግር እስከ ራሷ ታያታለች። «ይኸው፣ እዚህ ደርሳለች፤» ትላለች፣ የበሩን መቃን በመዳፏ እየነካች። ረድኤት ማደጓን ካቆመች በኋላ እንኳ፣ መምህር ከሆነች በኋላ እንኳ፣ መሕቡባ እንዲህ ማድረጓን አልተወችም። ረድኤት የባላገር ጨዋታ ነው ብላ ነበር የምታልፈው።

አሁን መሕቡባ ትንሽ ከቆየች በኋላ ጠጋ አለች።

«ባልጠይቅሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጊዜ ስለሌለን ነው። ጓዳ ያለውን ማሰሮ ነገ ጠዋት መውሰድ አለብኝ። ከሆስፒታሉ ሲስተር ሕይወት ደውላልኝ ነበር። ዘይባ ከነገ ወዲያ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ትሄዳለች።»

«ዘይባ ማናት?»

«የሕፃናት ክፍል ናት። በር አጠገብ ያለው አልጋ ላይ። ልጁ ሙከሚል ይባላል፤ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት። ስንት ጊዜ ጠብቀው ነው ቀዶ ጥገናው የደረሳቸው። በቀኑ ካልተገኘች አልጋው ለሌላ ይሰጣል።» ከዚያ የረድኤትን ፊት አየች። «ምነው?»

የመለሰችው ከኋላ ሳህን ይዛ የቆመችው ወለተ ሐና ናት፤ እሷም በመቀመጥ ነው የመለሰችው፤ ሳህኑን እንደያዘች መሬት ላይ ዝርግፍ አለች። «እመቤቴ ማርያም፤» አለች ቀስ ብላ። «በላነው እኮ።»

መሕቡባ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ረድኤት ስድብ ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር።

«ጎመኑ ላይ ነው ያደረጋችሁት?» አለች መሕቡባ።

«አዎ።»

«እንግዶቹ አመሰገኑ?»

«አመሰገኑ።»

«እንግዲህ የእሷ እንግዶች ናቸው፤» አለች መሕቡባ። የከንፈሯ ዳር ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልተከተለውም።

ከዚያ ረድኤት በዚያ ቤት አድጋ ያልሰማችውን ነገር እዚያው ፍራሹ ላይ ሰማች። ውጆ ምን እንደሆነ ማንም የጉራጌ ልጅ ያውቃል፤ ሴቶች ተሰብስበው ቅቤያቸውን በየተራ ለአንዷ የሚያዋጡበት ነው። ይኼኛው ውጆ ግን የመንደር አይደለም፤ የሕፃናት ክፍል ነው። አባሎቹ እዚያ ክፍል ልጅ ይዘው የተኙ እናቶች ናቸው። ላም ያላት ከላሟ፣ ላም የሌላት ከገበያ ገዝታ፣ አቅሟ የፈቀደውን እቴነሽ ቤት ትጨምራለች። ሲስተር ሕይወት በጣም የቸገራትን ታያለች፤ ማሰሮው ወደዚያ አልጋ ይሄዳል። የጤና መድኑ መድኃኒቱን ይችላል፤ ለመሳፈሪያው፣ ለእናትየው ምሳ፣ ቤት ለቀሩት ልጆች ግን ማንም የለም። እዚያ ክፍል ልጅ የሚሞተው ሁልጊዜ መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። እናትየው የምትበላው አጥታ፣ ወይ ቤት ያሉት ልጆች አሳስበዋት፣ ሳይድን ተሸክማው ስለምትወጣ ነው።

«ለምን ቅቤ?» አለች ረድኤት። «ብር በስልክ ይላካል እኮ።»

«ወጣቶቹ እናቶችም እንዲህ ብለው ነበር። እናትሽ አሻፈረኝ አለች። ብር ከሆነ ባል ይጠይቃል፣ የባል ወንድም ይበደራል። ቅቤ ግን የሴት ነው፤ እጁን የሚሰድ ወንድ የለም። ለዚህ ነው ማሰሮው መጀመሪያ አልጋው ጋ የሚደርሰው። እናትየው በገዛ እጇ ትከፍተዋለች። የእሷ ከሆነ በኋላ ነው ገበያ የሚወጣው።»

ረድኤት ተነስታ አባቷን ፍለጋ ሄደች። ፊቷ እሳት ነበር።

ገብሬ ከሰው ሸሽቶ ከቤቱ ኋላ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ፍቅፋቂ መሀል ተቀምጧል። ድሮም ሰው የማያበዛ አናጢ ነው። እቴነሽ እያለች በሁለቱም ፋንታ እሷ ትናገር ነበር።

«አባባ፣ የሕፃናት ክፍሉን ቅቤ ለእንግዳ አቀረብኩት።»

ገብሬ ቀና ብሎ አያት። ፍቅፋቂ ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። «የመላጊያ ማሽኑን የሚገዛ ሰው ይገኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤» አለ በመጨረሻ።

«በአንድ ቀን ማን ይገዛል? ደግሞ በምን ልትሠራ ነው?»

እጁን አወራጨ። የእቴነሽ ሕመም የቤቱን ጥሪት ጠራርጎ እንደወሰደው ሁለቱም ያውቃሉ። ረድኤት የወሩ መጨረሻ ላይ ያለች መምህር ናት። የእድሩ ገንዘብ ለድንኳኑና ለቀብሩ ውሏል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት።»

«ራምዚን ታስታውሺዋለሽ?» አላት ገብሬ።

ታስታውሰዋለች። በልጅነቷ ሰውነቷ በኩላሊት ሕመም አብጦ የሕፃናት ክፍሉን ቤቷ ባደረገች ጊዜ፣ ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የነበረ ልጅ ነው። የዓይኑን ሽፋን ገልብጦ ያስቃት ነበር። ሸንኮራ ሲመጣለት ጣፋጩን የታች ክፍል ለእሷ ይሰጥና ጫፉን እሱ ይመጥ ነበር። አንድ ቀን ስትነቃ አልጋው ባዶ ነው። «ሄደ፤» አለቻት እናቷ። ረድኤትም ድኖ ሄደ ብላ ነበር። በኋላም፣ የመሕቡባ ልጅ መሆኑን ስለምታውቅ፣ አድጎ ሾፌር ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ታስበው ነበር። ስለ እሱ ለመጠየቅ ታፍር ስለነበር አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«የዚያን ዕለት እናትሽ ልብስሽን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤» አለ ገብሬ። «ምንም አልቀረንም። የሚሸጠውን ሸጠናል፤ የምንበደረውን ተበድረናል። ሐኪሙ ገና ነው፣ እንዳትወስዷት ይላል። እኛ ግን ልንወስድሽ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቃሉን የተናገረው ግን የለም።»

ፍቅፋቂውን በጣቱ እያሸ ቀጠለ።

«ሊነጋ ሲል ራምዚ ሞተ። መሕቡባ ወደ አዲስ አበባ ልትወስደው ነበር፤ የመንደሯ ውጆ ተራዋን አስቀድሞላት ማሰሮዋ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ልጇን ከፈነች። ከዚያ አልጋው ሥር ገብታ ማሰሮውን ጎትታ አወጣችና እናትሽ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። ‹ይኼ የልጅ መታከሚያ ነው፤ ልጅ ይታከምበት፤› አለች። ከላዩ ቆንጥራ አናትሽ ላይ አደረገች። አንቺ ተኝተሻል። ከዚያ ልጇን አቅፋ ወጣች።»

ረድኤት የሥራ ጠረጴዛውን ያዘች።

«እናትሽ ‹እንዳትነግራት› ብላኛለች፤» አለ ገብሬ። «ልጅ በሌላ ልጅ ፋንታ ተረፍኩ እያለ ማደግ የለበትም አለች። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ክፍል ማሰሮ ስትሞላ አርፋ አታውቅም።»

ያ የበሩ መቃን አሁን ገባት። መሕቡባ በየዓመቱ መጥታ የምታየው ራምዚ ቢኖር ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ነው። ለመቆም የምታስቸግር፣ ለመሄድ የምትቸኩል ልጅ ሆና ምን ያህል ጊዜ ዓይኗን እንዳዞረች ስታስብ እንባዋ ወረደ። ከእንባው በላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ፍርሃት የሚመስል፣ ፍርሃት ያልሆነ። የሞተ ልጅ አቅፎ የሌላ ሰው ልጅ ማሰብ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ስትፈልገው እንኳ የምታመሳስለው ነገር አላገኘችም።

ወደ ድንኳኑ ተመልሳ መሕቡባ ፊት ተንበረከከችና ጉልበቷን ያዘች።

«ተነሽ፣ የኔ ልጅ፤» አለች መሕቡባ፤ ገብሬ እንደነገራት ገብቷታል። «ሰው ያየናል።»

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሦስት ሆነው፣ ከዚያ በርከት ብለው፣ ከዚያ መንገዱ እስኪሞላ። ከቸሃ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ፤ በእግራቸው የመጡ ነበሩ፤ ሻሽ ያሰሩ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ አንገታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ። ድንኳኑ በር ላይ አልቅሰው ይገቡና፣ ከመቀመጣቸው በፊት ከልብሳቸው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባዶው ማሰሮ አጠገብ ያስቀምጣሉ። አንዷ የያዘችው ሙሉ ቅል ነበር። ሌላዋ የያዘችው ከእፍኝ አይበልጥም፤ እሱንም በሁለት እጇ ነው የሰጠችው።

«ነግረዋቸው ነው?» አለች ረድኤት ወደ መሕቡባ ዞራ። «ስለ ትናንቱ?»

«አልነገርኳቸውም። አባል ሲሞት ውጆው ቅቤ ይዞ ወደ ቤቷ ይሄዳል። እናትሽ ማሰሮው ከተጀመረ ወዲህ አንድ ጊዜም ተራዋን ወስዳ አታውቅም። ስንለምናት፣ እኔ ከሁላችሁም በፊት ወስጃለሁ ትለን ነበር። ዛሬ ተራዋ ነው፤ እምቢ የምትልበት አፍ የላትም።» መሕቡባ የሻሿን ጫፍ አስተካከለች። «የቤታችሁ ነው። ያሻችሁን አድርጉበት።»

ረድኤት አጠገቧ ወደተቀመጠችው፣ እፍኝ ያመጣችው ሴት ዞረች። ወጣት ናት።

«ልጅሽ ደህና ነው አሁን? ስንት ዓመት ሆነው?»

«አልቆየልኝም፤» አለች ሴትየዋ። ድምጿ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። «ጊዜውን ግን እዚያው አጠገቡ ሆኜ አሳለፍኩት። ማሰሮው ባይመጣ ትቼው እወጣ ነበር።»

ረድኤት ድንኳኑን ዞር ብላ አየችው። ከእነዚህ ሴቶች የየትኛዋ ልጅ ቤት እንዳለ፣ የየትኛዋ መቃብር እንዳለ ፊታቸውን አይታ መለየት አልቻለችም። ሁሉም አምጥተዋል። እናቷ ይህን ሁሉ ሰው በጓዳዋ ይዛ፣ በልጇ ቀልድ ስትስቅ ነው የኖረችው። በኪሳራ መነገድ አይሰለችሽም ያለቻት ትዝ አላት።

ወለተ ሐና ከማድቤት ብቅ አለች። ያን ሁሉ ቅቤ ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። «ለእራቱ ትንሽ ላንሳ?» አለች፣ የራሷን ጥያቄ ራሷ እየፈራችው። «የእምድብሮቹ አልሄዱም፤ የአገናዎቹም አሉ።»

ረድኤት ቆመች። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለእንግዳ የተናገረ የቤት ልጅ ከእሷ በፊት ይኑር አይኑር አታውቅም።

«ወገኖቼ፤» አለች፣ ድምጿ እስኪሰማ። «ትናንት የበላችሁት ቅቤ የታመመ ልጅ መታከሚያ ነበር። ሳላውቅ እኔ ነኝ ያቀረብኩት። ዛሬ የመጣው ደግሞ የእናቴ ተራ ነው፤ እናቴ ብትኖር ለማን እንደምትሰጠው አሁን አውቄያለሁ። ስለዚህ ማታ የምናቀርብላችሁ በደረቁ ነው። ይቅር በሉን።»

ገብሬ ከሥራ ቤቱ ወጥቶ የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሟል። እኚያ ትናንት ያመሰገኑት የአገና ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ትናንት የሕፃን ምሳ ከበላን፣ ዛሬ ውሃም ቢቀርብልን አይበዛብንም። አምጡት ደረቁን።»

በላንም፣ ጣፈጠንም አሉ። ቆጮ በደረቁ እንደማይጣፍጥ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ወለተ ሐና ግን ማድቤት በር ላይ ቆማ ሲበሉ እያየች እንባዋን አወረደች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ፣ ረድኤት ማሰሮውን በእናቷ ነጠላ አዝላ ከመሕቡባ ጋር ወጣች። ሐዘንተኛ ከቤት መውጣቱ ያስነቅፋል፤ ማንም ግን አልነቀፋትም። ማሰሮው ከበድ ይላል። እናቷ በእርጅናዋ ይህን ተሸክማ ያንን ዳገት ስትወጣ ታያት።

የሕፃናት ክፍሉ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሲስተር ሕይወት ከጠረጴዛዋ ተነስታ ረድኤትን አቀፈቻት፤ በር አጠገብ ወዳለው አልጋ መራቻቸው። ዘይባ ገና ልጅ እግር ናት። ሙከሚል እቅፏ ውስጥ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ብጤ ነው፤ ዓይኑ ግን የገባውን ሁሉ ይከተላል።

«እትዬ እቴነሽስ?» አለች ዘይባ። አልነገሯትም ነበር። ከዚያ የረድኤትን ጥቁር ልብስ አየችና አፏን ያዘች።

«ልካኝ ነው፤» አለች ረድኤት።

ዘይባ ቃጫውን ፈታች፤ ቅጠሉን ገለጠች። ማታ ማሰሮው ሲዘጋ መሕቡባ፣ «አንቺ ነሽ የምትጫኚው፤» ስላለቻት፣ የረድኤት አውራ ጣት ምልክት መሀሉ ላይ አለ። ረድኤት ምልክቱ ካለበት ቦታ ቆነጠረችና ሙከሚል አናት ላይ፣ ያ ለስላሳው ቦታ ላይ አደረገችለት። ሲስተር ሕይወት በመስኮቱ ወደ ውጭ የምታየው ነገር አገኘች። መሕቡባ አላለቀሰችም። የአልጋውን ብረት በመዳፏ ነካ አድርጋ፣ «እዚህ ድረስ ያድርስህ፤» አለች፣ እጇን ከብረቱ ከፍ፣ ከፍ እያደረገች፣ የበር መቃን ያህል።

ረድኤት ጣቷ ላይ ትንሽ ቅቤ ቀርቷል። ልትጠርገው ነጠላዋን ያዘች። የእናቷ ሽታ ነበር፤ ገበያ ውላ የምትመጣው፣ እሁድ እሁድ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ጠጉሯን የምትሠራት የእናቷ። ነጠላውን ለቀቀችው። ሻሿን በሌላ እጇ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ የቀረውን በለቅሶ በደረቀው በራሷ አናት ላይ፣ እናቷ ታደርግላት በነበረው ቦታ፣ ቀስ ብላ አሸችው።